ወላጅ ይዘው ይምጡ የተባሉት መምህር

ከፒያሳ ወደ ቱላ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንድ ሸምገል ያሉ መምህርና አንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባቸው ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ጋሼ፣ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠናው እንዴት ነበር?»

«ከክፍል ተባረርኩ።»

«እርስዎ? ማን አባረረዎት?»

«አሠልጣኙ። ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ወሬ ሲያበዛ አስወጣው ነበር።»

«ቂም ይዞ ነዋ።»

«ኧረ የለም። ዛሬ ወሬ ያበዛሁት እኔ ነኝ። አንድ የድሮ ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ስንጫወት፣ አሠልጣኙ ‹ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ውጭ ይቆዩ› አለኝ። በትህትና ነው ያለኝ።»

«ሥልጠናውን ካልጨረሱ እኮ የማስተማር ፈቃድዎ አይታደስም።»

«እሱ አይደል የጨነቀኝ። በሻይ ሰዓት ሄጄ ለመንኩት።»

«ምን አለዎት?»

«ነገ ወላጅ ይዘው ይምጡ አለኝ።»

«ቀልዱን ነው፣ ጋሼ።»

«ፊቱ ላይ ሳቅ አላየሁም። በዚህ ዕድሜዬ ወላጅ ከየት አመጣለሁ?»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች።

«በስንት ሰዓት ነው? እኔ እመጣልዎታለሁ።»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት። ደግሞ ሰው ፊት እንዳትቆጪኝ።»

እሷ ካልተመቻት እኔ ልምጣልዎት የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።