ልጆቹ ሲያነቡ የመጡ ወላጆች
ጅጅጋ ሳስተምር የወላጆች ስብሰባ በጠራን ቁጥር ወንበሩ ባዶ ይቀር ነበር። ማስታወቂያ ለጠፍን፣ በድምፅ ማጉያ ለፈፍን፣ ለውጥ የለም። አንድ ቀን የተማሪዬን የሆዳንን እናት ጨርቅ የሚሸጡበት ገበያ አገኘኋቸውና፣ በሶማልኛ አክስት እንደማለት "ኢዶ" ብዬ፣ "ኢዶ ሰህራ፣ ስንጠራችሁ ለምን አትመጡም?" አልኳቸው። ጨርቃቸውን እያጠፉ፣ "መምህር፣ እናንተ የምትጠሩን ልጃችን ሲያጠፋ ነው። ሰው ፊት ለመዋረድ ማን ይመጣል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

በሚቀጥለው ጊዜ "ልጆቻችሁ ሲያነቡ መጥታችሁ ስሙ" ብለን ጠራን፤ ግቢው ሞላ። ሆዳን በሶማልኛ የጻፈችውን ስታነብ እናቷ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሰው ሲበተን ጠጋ አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ትምህርት ያቋረጠችው ታላቅ እህቷ ብትመለስ ትቀበሏታላችሁ?" ሲሉ ጠየቁኝ። በማግስቱ ደወል ሳይደወል ልጅቷን ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።