የመፍተያ ማሽኑ ብድር

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ሱፍ እየፈተሉ የሚተዳደሩ ናቸው። አጠገባቸው ለተቀመጠው ወጣት ያወሩለታል።

«የመፍተያ ማሽን ልገዛበት ከባንክ ብድር ጠይቄ ነበር። ዛሬ ስሄድ ወለዱ ጨምሯል አሉኝ። በአዲሱ ወለድ ገቢዎ አይበቃም ብለው መለሱኝ።»

«ከባንኮቹ ሁሉ በላይ ያለው ባንክ ነው ከፍ ያደረገው፣ እማማ። እሱ ሲያስወድድባቸው እነሱም ያስወድዳሉ።»

«ምን አድርገነው?»

«ኑሮው እንዲረጋጋ ነው። ብድር ሲወደድ ተበዳሪው ይቀንሳል፤ ገበያ ውስጥ የሚረጨው ብር ያንሳል፤ ዋጋውም እንደ ልቡ አይጨምርም።»

«ዘይትም?»

«ዘይትም። ግን ቀስ እያለ ነው።»

«እሱስ ደግ ነው፣ ለሁላችንም ነው። ታዲያ ወለዱ መቼ ይመለሳል?»

«ዋጋው ሲረጋጋ ነው። ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ያኔ እንደገና ይሞክሩ።»

«እስቲ ጣቶቼን እያቸው ልጄ። ለከርሞ እንዝርት የሚያሾሩ ይመስልሃል?»

ወጣቱ እጃቸውን ይዞ አየ።

«አይመስለኝም፣ እማማ።»

«አንተ ይህን ሁሉ ከየት አወቅህ?»

«እኔም ደብረ ብርሃን፣ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። እንደ እርስዎ ያሉትን የምመልሰው እኔ ነኝ።»

«ስትመልሳቸው ምን ይሉሃል?»

«አብዛኞቹ አመስግነው ይወጣሉ።»

«እኔም አመስግኜ ነው የወጣሁት።»

ወሬያቸው ይዞኝ፣ ስልኬ ደጋግሞ ቢጠራም ደብረ ብርሃን እስክንገባ ድረስ አላነሳሁትም።