የልብስ ሰፊዋ ዊልቸር

ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናቡ ድንገት ወረደብኝና ጎረቤቴ ወደሆኑት ሽማግሌ ብረት ሠሪ ሱቅ ሮጬ ገባሁ። እሳቸውና የእህታቸው ልጅ ተፋጠው አገኘኋቸው።

«መምህር፣ እንኳን መጡ! እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ ሽማግሌው። «ይህች ልጅ ተምራ ስታበቃ፣ ከተጣለ የፋብሪካ ማሽን የነቀለቻቸውን ሞተሮች ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ገጣጥማ ‹ማሽን ሠራሁ› ትለኛለች። ኮምፒውተር እያዘዘው አሉሚኒየም ይቆርጣል አሉ!»

ነገሩ የመጣው በጎረቤታችን በልብስ ሰፊዋ ምክንያት ነው። እግሮቿ አይታዘዙላትም። የዊልቸሯን ጎማዎች የሚይዙት ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ሲሰበሩ ሽማግሌው አዲስ ሞርደው ሠሩላት፤ ግን የአንደኛው ቀዳዳ ጥቂት ዝቅ አለና ወንበሩ ወደ ቦይ ይጎትታት ጀመር። ሊደፋት ሲል ለጥቂት ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣችም።

«ዕድሜዬን በሞረድ ኖሬያለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ሙያ ማለት እጅ ነው።»

«አጎቴ፣ እርስዎ አንድ ዕቃ ሲሠሩ የሚስተካከልዎት የለም» አለች ልጅቷ። «እዚህ ግን ሁለተኛው ቁርጥ የመጀመሪያውን መምሰል አለበት። ችግሩ እሱ ላይ ነው።»

«ዓይንዎ ደከመ በይኛ!»

ልጅቷ አቀርቅራ ሞረዳቸውን አነሣችና በቦታው ሰቀለችው። በትምህርቱ የሚኮራ ሌላ ወጣት ቢሆን «አዎ» ባለ ነበር፤ አክብሮቷን ወደድኩላት። ሽማግሌውም ድምፃቸው ለዘብ አለ።

«ነገ ማሽኑ ሁሉን ከሠራ፣ እኔን ማን ይፈልገኛል?»

«ማሽኑ እኮ በራሱ ምንም አያውቅም! ብረት የት እንደሚሰበር፣ የቱ ጋ መወፈር እንዳለበት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ያንን በሥዕል እነግረዋለሁ፤ እሱ ሳይሰለች ይደጋግመዋል።»

«እንግዲያው ይቁረጥና እንየው» ብዬ ገባሁበት።

የዊልቸሩን ብረቶች ሥዕል ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ፣ አሉሚኒየሙን በሱቁ ጥግ ባለው ማሽኗ ላይ ጥርቅም አድርጋ አሰረች። ማሽኑ ሲጮህ ሽማግሌው ጆሮአቸውን ያዙ፤ ቆይተው ግን ጠጋ፣ ጠጋ አሉ። መቁረጫው ስስ ስስ አድርጎ እየላጠ ይመላለሳል።

«ለምን በአንዴ አይበሳውም?»

«ከከበደው ይንቀጠቀጣል፤ መቁረጫውም ይሰበራል። በትዕግሥት ነው።»

«እንደ ሞረድ!»

«እንደ ሞረድ፣ አጎቴ።»

ሁለቱ ቁርጦች ሲያልቁ ሽማግሌው አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፈተሹት። ጥፍራቸው የትም አልተያዘም። ገልብጠው ደግመው ፈተሹ። ቀዳዳዎቹን አስተያይተው ብርሃን አሳለፉባቸው። ከዚያ ብሎን መፍቻቸውን አንሥተው ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄዱ፤ እኛም ተከተልናቸው። አጥብቀው የገጠሙላት እሳቸው ናቸው።

ዝናቡ አባርቷል። ልብስ ሰፊዋ ወደ ደጅ ወጥታ ጎማዎቹን ገፋ አድርጋ በፍርሃት እጇን ለቀቀች። ወንበሩ ሳያዘነብል መንገዱን ይዞ ነጎደ።

«ቀጥ አለልኝ!» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

አዲስ ነገርን የምንፈራው ብዙውን ጊዜ የምንጣል ስለሚመስለን ነው። ያን ቀን ግን ማንም አልተጣለም፤ የሽማግሌው ዕውቀት ከደከመው ዓይናቸው ተርፎ ለሌሎች የሚደርስበት መንገድ አገኘ፤ አንዲት ሴትም ከደጇ ወጣች። ወጣቱ በአክብሮት ሲያስረዳ፣ አዛውንቱም ዓይቶ ሲፈርድ፣ ትርፉ ለሰፈር ሁሉ ነው።

በማግሥቱ ሳልፍ ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል።

«ቀስ ብለሽ አሳዪኝ» ይሏታል። «እኔ አንቺን ሳስተምር ተቆጥቼሽ አላውቅም።»

«ኧረ አጎቴ!» አለች እየሳቀች። «ተቆጥተዋል እንጂ!»