በሰማያዊው ጀሪካን የተቀዳ ጠበል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሰማያዊ ጀሪካን በታቀፉ እናትና አጠገባቸው በተቀመጠ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ መካከል የሰማሁት ይህ ነው።

«እማማ፣ ጀሪካኑን ከየት ገዙት?»

«ከገበያ ነዋ። ምነው፣ ዓይንህ አረፈበት?»

«የእኛ ፋብሪካ ኬሚካል የሚመጣበት ነው። ተሰባብሮ መወገድ ነበረበት።»

«በአመድ ፈትጌ አጥቤዋለሁ።»

«በአመድ አይለቅም። ፕላስቲኩ ራሱ መርዙን ጠጥቶታል።»

«ታዲያ ለምን ይሸጡታል?»

«ፋብሪካው ‹ለነጋዴ አስረክቤያለሁ› ይላል። ነጋዴው ‹የከለከለኝ የለም› ይላል።»

«ተቆጣጣሪ የሚባለውስ?»

«ስንነግረው ‹መውጫ መኪና የለኝም› ይላል።»

«ገበያው ቢሮው በር ላይ አይደል እንዴ! መንገድ ለመሻገርም መኪና ይሻል?»

«ለመሆኑ ምን ሊያደርጉበት ገዙት እማማ?»

«ልጄ ሆዷን ታማ ከተኛች ሰነበተች። ጠበል የማጠጣት በዚሁ እየቀዳሁ ነው።»

«በእመብርሃን፣ ከእንግዲህ አይስጧት! ሐኪም ቤት ይውሰዷት። ይህንንም ይድፉት።»

«ጠበል ሰው በሚረግጠው መሬት ይደፋል?»

«እንግዲያስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከጥዱ ዛፍ ሥር።»

«ጥዱስ ምን በደለ? ያንን ተቆጣጣሪ አምጣልኝና እሱን ላጠጣው!»

እኔም ለደብራችን ሕሙማን ጠበል ቀድቼ ከእግሬ ሥር ያኖርኩትን፣ ያንኑ የመሰለ ሰማያዊ ጀሪካን ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት።

አንባቢ ሆይ፣ እግዚአብሔር አንተንና ቤተሰብህን፣ በቤትህ የሚጠጣውንም ውኃ ይባርክ፤ አሜን።