ባጁ ላይ የተሳሳተችው ፊደል

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የፈረቃ ባልደረቦቼ፤

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ወንበሮቹን ከአራተኛ ፎቅ በእጃቸው ያወረዱትን የጽዳት ሠራተኞች በተለይ አመሰግናለሁ፤ ሊፍቱ ዛሬም አልሠራም። ስለ እጅ ሰዓቱም አመሰግናለሁ፤ ከእንግዲህ የምዘገይበት ቦታ ባይኖረኝም።

ስምንት ዓመት በር ላይ ቆሜያለሁ፤ አሥራ አምስት ዓመት ካሜራ ክፍል ተቀምጫለሁ። እድገት ማለት ለእኔ ይኼው ነው፤ ከመቆም ወደ መቀመጥ። ንግግር አልችልበትም። የጥበቃ ሰው ብዙ ካወራ አንድ ነገር አምልጦታል ማለት ነው።

ግን ስለ ተለማማጆቹ ሳልናገር ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ቢሯቸው ጠሩኝ። «ከዩኒቨርሲቲ ተለማማጆች ይመጡልናል። በደህንነት አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ የያዙ ናቸው። ስድስት ስድስት ወር አንተ ጋ ይለማመዳሉ» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ አሥረኛ ክፍል ነኝ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው? የተማሩት እነሱ አይደሉ እንዴ!»

በመጀመሪያው ቀን ሦስት መጡ። አንደኛው ከረባት አስሮ ነበር። ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ፣ «ጋሼ፣ የድርጅቱ ዋነኛ የስጋት ምንጭ ምንድን ነው?» አለኝ። «የኋላ በር» አልኩት። ጻፈው። ከሥሩም አሰመረበት።

ባጃቸው ከማተሚያ ቤት ሲመጣ «ተለማማጅ» በሚለው ፈንታ «ተለማማጭ» ይላል። አንዲት ፊደል ናት። የሰው ኃይል ክፍል ደወልኩ። «ሃምሳ ካርድ ታትሟል፤ እስኪያልቅ ይገልገሉበት» አሉኝ። ሳቅን። ባለከረባቱ ግን አልሳቀም። «እኛ የመጣነው ልንለማመድ እንጂ ማንንም ልንለማመጥ አይደለም» አለ።

በሰባተኛው ወር የሰው ኃይል ኃላፊዋ በር ላይ አገኘሁት። ከረባቱን ኪሱ ከትቶ፣ ታስገባው ዘንድ ጸሐፊዋን ሲለማመጥ። ማየት ሥራዬ ነው፤ ያን ቀን ግን እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ።

ሃምሳው ካርድ አምና አለቀ። አዲሱም እንደዚያው ታትሞ መጣ፤ ለናሙና የተላከው አሮጌው ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ስንቱ ተቀጠረ? አንድ። እሱም ዲግሪውን ደብቆ፣ በስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ በር ጠባቂ ሆኖ። አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። የት እንደተቀመጠ አልጠቁምም፤ እባካችሁ አትዙሩ።

የመጨረሻዋን ተለማማጅ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ካሜራ ክፍል «ዓይኔ» እያልን የምንጠራት ልጅ ናት። እዚህ ሁለት ዓመት ሆናት፤ ስድስት ወር አራት ጊዜ ማለት ነው። ካሜራ ሰባት በየሳምንቱ ማክሰኞ ወደ ግድግዳ ይዞር ነበር። እኔ ስንት ዓመት ሳላውቅ፣ እሷ በመጣች በወሯ ደረሰችበት። ለካ ኮሪደሩን የሚያጸዱት እናታችን ድር የሚያነሱበት ረጅም እንጨት እየነካው ኖሯል። ልጅቷ እንዲህ ያለውን ክፍተት ሁሉ እየለቀመች አራት ገጽ ጻፈች። አራቱ ገጽ ጥበቃ ለምንሰጣቸው ደንበኞቻችን በድርጅቱ ስም ሲቀርብ ስሟ አልነበረበትም።

አባቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አንድ ቀን በቢሮው ስልክ ደወሉ፤ እኔ አነሳሁ።

«ልጄ እዚያ ኃላፊ ናት አይደል?» አሉኝ።

ልጅቷ አጠገቤ ቆማ ወለሉን ታያለች። «አዎ መምህር፣ የእኔ አለቃ ናት» አልኩ።

«እንግዲያስ አደራ፣ ብዙ አያስቸግሯት» አሉኝ።

ለዚህች ልጅ ቃል ገባሁ። «ጡረታ ስወጣ ወንበሬ ያንቺ ነው» አልኳት። ምን አስባለኝ? ማን ነኝና? ከሦስት ወር በፊት እሷ እንድትተካኝ በጽሑፍ አመለከትኩ። መልሱ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። የሥራ መደቡ ተሰርዟል፤ ሥራው ከእንግዲህ በሁለት ተለማማጆች ይሸፈናል። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አልወቅስዎትም፤ «ከላይ የመጣ ነው» ብለውኛል። ብቻ እኔ ይህን ሕንፃ ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ ከእርስዎ ቢሮ በላይ ያለው ጣራው ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ልነግራት አፌን ስከፍት አስቆመችኝ።

«ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ሰምቻለሁ። ደስ ብሎዎት እንዲሰናበቱ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ ከቦርሳዋ የልምምድ ማራዘሚያ ቅጽ አወጣች። «ዛሬ ካልፈረሙልኝ ነገ የሚፈርም የለም» አለችኝ።

«ተይው ልጄ። ይብቃሽ፣ ሂጂ።»

«ወዴት?»

እናንተስ ብትሆኑ ወዴት ትሏታላችሁ?

ቅጹ ላይ «ተለማማጁ የሚጎድለው ክህሎት» የሚል ቦታ አለ። ባዶ ከተተወ አይራዘምም። «ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳት።

«መጀመሪያ ‹ፍጥነት› ብለው ነበር፤ ቀጥሎ ‹ጥንቃቄ›፤ ባለፈው ደግሞ ‹በራስ መተማመን›። እስኪ ያልተጻፈ ይፈልጉ።»

«ትዕግሥት» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

አሁን እዚህ የለችም። ስክሪኖቹ ያለ ሰው መዋል ስለሌለባቸው እሷን አስቀምጬ ነው የመጣሁት። እዚያ ጥግ፣ ከመጋረጃው በላይ ባለው ካሜራ እያየችን ነው። ካሜራው ድምፅ አይወስድም፤ እስካሁን ያልኩትን አንድም ቃል አልሰማችም።

ስለዚህ ምርቃቱን እጄን ዘርግቼ ላድርገው።

በር ላይ የምትቆሙ እግራችሁን አይመማችሁ። ስክሪን ፊት የምትቀመጡ ዓይናችሁ አይድከም። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እድሜና ጤና ይስጥዎት። ተምረው የሚመጡ ልጆቻችሁ የሚገቡበት በር አይጡ። ለእሷ የሚሆን ምርቃት ስፈልግ ዋልኩ፤ አላገኘሁም። እጄን ግን ገና አላወረድኩም።

እንግዲህ አሜን በሉልኝ። አፋችሁን ከፈት አድርጋችሁ፤ ከዚያ በኩል እንዲታይ።