ሙሄ ሲጋራ አላጨሰም

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከጀሞም ከለቡም እኔን ለመሸኘት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ለገዛችሁልኝ ጋቢም እግዜር ይስጥልኝ። ግን ገና አልለብሰውም። ተናድጃለሁ፤ እንደተናደድኩ ልናገር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቅሞ ከጣለው የጫት ገረባና ከሰጋቱራ ከሰል ስናከስል ኖረናል። ጥራት ተቆጣጣሪዋ እኔ ነኝ። ከመካከላችን የከሰልን ጠባይ የማያውቅ አለ? መጋዘናችን በተቃጠለ ማግስት ግን ሁላችንም አላዋቂ ሆንን!

እስቲ እንደ አዲስ ልንገራችሁ። ከምድጃ የወጣ ከሰል ጋዙን ጨርሷል፤ ሲግል ነበልባልም ብዙ ጭስም አያሳይም። ውስጡ ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ አየር ይስባል። ኦክስጅኑን ሲይዝ ይሞቃል። ሳሳ አድርገን ካሰጣነው ሙቀቱ ይወጣለታል። ማዳበሪያ ውስጥ ከጠቀጠቅነውስ የት ይሂድ? ውስጥ ውስጡን እየጋለ፣ ክብሪት የጫረ ሳይኖር ይቀጣጠላል። ሁለት ቀን ይሰጣ የምንለው ለዚህ ነው።

ለፋሲካ ገበያ ስንጣደፍ ስንት ቀን አሰጣነው? አንድ አዳር! ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሚሳኤል እዚሁ ተቀምጠዋል፤ ይመስክሩ። «ወይዘሮ አምሳለ፣ በእጅዎ ዳበስ ያድርጉትና ይልቀቁት» አሉኝ። ዳበስኩት። ላዩ ቀዝቅዟል። «ሁለት ቀን ተሰጥቷል» ብዬ ፈረምኩ። እጄን ይቁረጠው!

ከዚያ «ጥበቃው ሙሄ ሲጋራ ጥሎ ነው» ተባለ። ሙሄ! ሲጋራ ሲሸተው የሚያስነጥሰው፣ እኛም የምንስቅበት ሙሄ! «በቸልተኝነት» የሚል ደብዳቤ ይዞ ወጣ። ይኸው ስምንት ወሩ፤ ሥራ በጠየቀበት ሁሉ «መጋዘን ያቃጠልከው አንተ ነህ?» ይሉታል።

እኔስ? ጡረታዬን ፈርቼ ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የእኔው ዝምታ ግን የሰው እንጀራ በላ።

ዛሬ ጠዋት እውነቱን ጽፌ፣ ፈርሜ ለአስተዳደር አስገብቻለሁ። ጡረታዬን ከነካችሁት ንኩት! አቶ ሚሳኤል፣ ከስሜ በታች የእርስዎ መፈረሚያ ባዶ ነው። እስክሪብቶ ከጠፋ እኔ ይዣለሁ።

ሙሄንም ለሽኝቴ ጠርቼው ነበር። በር ላይ «እንዳይገባ ተብሏል» ብለው አቁመውታል። አሥራ አንድ ዓመት በጠበቀው በር!

በሉ ልመርቃችሁ። እጃችሁን ከእሳት ይጠብቅላችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ያልሠራችሁት ኃጢአት አይለጠፍባችሁ። ስትሸኙም እንደኔ አፍራችሁ አትሸኙ። አሜን በሉ እንጂ!

አሁን በሩን ክፈቱለት። ጋቢዬን የሚያለብሰኝ እሱ ነው።