ከባድ ቃል የሚወዱት ተርጓሚ

አጎቴ አንድን በያጅ በአንድ ቃል ቀማኛ አደረጉት። ክፋት አልነበራቸውም፤ ልማድ እንጂ። ልማዱ ግን ሰውየውን የሦስት ዓመት ድካሙን ሊያሳጣው ነበር።

አጎቴ ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ሲጽፉና ሰነድ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉሙ ኖረዋል። ሰፈሩ «ጋሼ ማኅተም» ይላቸዋል፤ ማኅተማቸውን ሲያሳርፉ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣላ። እኔ የእኅታቸው ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ወዲህ በመስኮቱ በኩል ያለውን ጠረጴዛ ይዤ አብሬያቸው እሠራለሁ። የሙያቸው ሕግ አንድ ነው፦ ቢሮ የሚነቃው በከባድ ቃል ነው ይላሉ። «ተቸገርኩ» ብሎ የመጣውን «ከነቤተሰቤ አለቅሁ» ብለው ይጽፉለታል።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ በያጁን ደረጃው ላይ ቆሞ አገኘሁት። ልግባ አልግባ እያለ ነበር። አንድ ወረቀት ዘርግቶ «እህቴ፣ ሮበር ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ።

ወረቀቱን አነበብኩት። በያጁ ለመግባት ሦስት ዓመት ከለፋበት፣ የመርከብ ብየዳ ከሚያስተምር የውጭ አገር ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ሰው ላይ ጉልበት ተጠቅሞ ንብረት የቀማ አመልካች አንቀበልም ይላል፤ ቅሬታ ካለ በአምስት ቀን ይቅረብ ይላል። እጁን ይዤ አስገባሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በያጁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከአንድ ግቢ ብስክሌት ወስዶ፣ በሦስተኛው ቀን ራሱ መልሶ፣ ፍርድ ቤት በማስጠንቀቂያ ለቆታል። ትምህርት ቤቱ የዚያን ውሳኔ ትርጉም ሲጠይቀው ወደ አጎቴ አመጣው። አጎቴ አንድም ነገር ሳይጠይቁት ከሚያውቋቸው ቃላት ከባዱን፣ «ሮበር»ን፣ መርጠው ማኅተም መቱበት።

«ታዲያ ምን ስህተት አለው?» አሉ አጎቴ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «ሰርቋል፣ አልሰረቀም?»

«ሰርቄያለሁ ጋሼ» አለ በያጁ። «አልካድኩም። ሰው ግን አልነካሁም። ባለብስክሌቱ በረንዳው ላይ ተኝቶ ነበር። እንኳን ልመታው፣ እንዳይነቃ ብዬ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የወጣሁት።»

እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ አንዱን በአንዱ ላይ ደረብኩት። ሮበር አስፈራርቶ ወይም መትቶ የሚቀማ ነው፤ ቲፍ ሳይታይ የሚወስድ፤ በርግላር ሊሰርቅ ሰው ቤት የሚገባ፤ ፒክፖኬት ኪስ የሚያወልቅ፤ ስዊንድለር አታሎ የሚወስድ ነው። ሁሉም ጥፋተኞች ናቸው፤ ጥፋታቸው ግን አንድ አይደለም፣ ቅጣታቸውም አንድ አይደለም አልኳቸው።

«ፈረንጅ ሥራ ፈትቶ ለሌባ አምስት ስም አወጣ» አሉ አጎቴ። «የእኛ ሰው ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ብሎ ጨረሰው። የትኛው ሌባ ነው ብሎ የጠየቀ የለም።»

«የእኛ ሰው ቀማኛና አጭበርባሪ አንድ ናቸው ብሎ ያውቃል? ማጅራት መቺ ከኪስ አውላቂ ጋር አንድ ነው?» አልኩ።

አጎቴ ሌላ መንገድ ያዙና የአንድ ማመልከቻ ታሪክ አነሡ። አንዲት ባልቴት ጣሪያዬ ያፈሳል ብላ ብታመለክት ለሦስት ወር ዞር ብሎ ያያት አልነበረም፤ እሳቸው «ቤቴ በላዬ ሊናድ ነው» ብለው ሲጽፉላት በማግስቱ መጡላት። ይህ እውነት ነው፤ ማመልከቻውን አይቼዋለሁ። ችግሩ ያለውም እዚሁ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ የሠራ ስህተት ጥበብ ይመስላል።

«የራዲዮንዎ ነገርስ?» አልኳቸው።

ብዕራቸውን አስቀመጡ። አምና ምሳ ሰዓት ላይ ራዲዮናቸው ከዚህ ክፍል ተሰርቆ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው «መስኮት ሰብሮ ገብቶ» ብለው አስመዝግበው ነበር። ፖሊሶቹም ሳምንት ሙሉ መፈልቀቂያ ብረት ያለውን ሰው ሲያስሱ ሰነበቱ። ራዲዮኑ ያን ሁሉ ቀን ከዚህ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ካለው የራዲዮ ጠጋኝ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በስምንተኛው ቀን ተሸጠ።

«ፖሊሶቹ እኛም ብየዳ ቤት መጥተው ነበር» አለ በያጁ። «ብረትም ሪከርድም ያለኝ እኔ ነኛ። ግማሽ ቀን ጣቢያ ዋልኩ። የማን ራዲዮ እንደሆነ ያወቅሁት አሁን ነው።»

አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት።

«መስኮቱን ማንም አልሰበረውም» አልኩ። «ክፍሉ ሞቆኝ እኔ ከፍቼው ነው ምሳ የወጣሁት። ያለፈ ሰው እጁን ሰደደና ወሰደ። እርስዎ ፈርመው ስለመጡ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ከባዱ ቃል ግን ፖሊሱን አላነቃውም ጋሼ፣ መንገድ አሳተው እንጂ።»

አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት። ከዚያ ወንበር ስበው «ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉት። «ከመጀመሪያው ንገረኝ። ሰው ነክተሃል? በር ሰብረሃል? ሰው አታልለሃል?» ለሠላሳ አንድ ዓመት ጠይቀው የማያውቁትን እየጠየቁ የቅሬታውን ደብዳቤ ጻፉ። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ብዕሩ ቆመ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙና «ስህተቱ የተርጓሚው ነው፤ የአመልካቹ አይደለም» ብለው ጨረሱ። በዚያ ቀን ማኅተሙ ሲያርፍ ጠረጴዛው አልተንቀጠቀጠም።

መልሱ ሐሙስ መጣ፤ በያጁ ተቀባይነት አገኘ። ለመሰናበት ሲመጣ የክፍላችንን የላላ በር በነጻ በይዶልን ሄደ። አጎቴ ቃላቱን ከነልዩነታቸው በትልቅ ጽሑፍ ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። አሁን ጎረቤቱን «ወንበዴ በሉልኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ሦስቱን ጥያቄ ይመልሳል፤ ግማሹ ሲመልስ ንዴቱ በርዶለት ይሄዳል። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊም በቀደም መጥተው፣ ድሮ የአጎቴን ጽሑፍ ግማሹን ቀንሰው ያነቡ እንደነበር፣ ዛሬ ግን እንደተጻፈ እንደሚያምኑት ነገሯቸው። ትክክለኛ ቃል ለተበደለውም ለበደለውም ይጠቅማል፤ አንዱ የጠፋበትን ያገኛል፣ ሌላው ከጥፋቱ በላይ አይሸከምም።

ትናንት ከሰዓት አጎቴ ባርኔጣቸውን አነሡ። ወዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ፖሊስ ጣቢያ። መስኮቱ ክፍት ነበር ብዬ ላስመዘግብ።»

«ራዲዮኑ እኮ ከተሸጠ ዓመት ሆነው።»

«ራዲዮኑ ይቅር። እዚያ መዝገብ ላይ ያልሰበረውን ሰበረ የተባለ ሰው አለ» አሉ። መስኮቱን ሄደው ዘጉ፤ መቀርቀሪያውን ሁለቴ ነካክተው አረጋገጡ። ከዚያ ወጥተው በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።